ጤዛ፣ ቂብላና የደቡብ መስቀል፦ ጅማ ላይ ኮከብ ሳነሳ

ሐሙስ፣ ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከአዲስ አበባ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። የካሜራ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አቅፌያለሁ። ትራይፖዱን በመስኮቱና በጉልበቴ መሃል ሸጉጬዋለሁ። የአውቶብሱ ረዳት ሲያልፍ አየውና "ወንድሜ፣ ይሄ የምን መሣሪያ ነው?" አለኝ። "መሣሪያ" የሚለውን ቃል የሰሙ ሁሉ ከፊትም ከኋላም ዞር አሉ። "የካሜራ እግር ነው፤ ጅማ ላይ ኮከብ ላነሳበት ነው" አልኩት። ትንሽ አሰበና "የት ክለብ ነው የሚጫወተው?" አለኝ።

ሳቄ ያለቀልኝ ሰበታን ካለፍን በኋላ ነው።

ለምን ጅማን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። አክስቴ እዚያ ስላለች ማደሪያና ምግብ በነፃ ነው። ደግሞ ዘንድሮ ጨረቃ የምትጠፋው ልክ በከተራ ማታ፣ ጥር 10 ነው። ኮከብ ለሚያነሳ ሰው ጨረቃ ወዳጅ አይደለችም፤ ሙሉ በሆነች ጊዜ ሰማዩን ታነጣውና ደብዘዝ ያለውን ሁሉ ትውጠዋለች። ሌላው ነገር ዝናብ ነው። ጅማ ዝናብ አይሰለቻትም፤ ሰማይዋ እፎይ የሚለው በበጋው በእነዚህ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። አሁን ካልሄድኩ መቼ ልሄድ?

"ፍኖተ ሐሊብን (ሚልኪ ዌይን) ልታነሳ ነው?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አዎም አይደለምም። ሰው ስልኩ ላይ ሲያየው የሚደነቅበት ያ ደማቅ መሃሉ በጥር ወር ለፀሐይ ቅርብ ስለሆነ የሚገኘው ሊነጋ ሲል ለጥቂት ጊዜ፣ ያውም አድማስ ላይ ዝቅ ብሎ ነው። ከየካቲት በኋላ ሳይነጋ በደንብ ከፍ ይላል፣ ያኔ ደግሞ ጅማ ደመና መሰብሰብ ትጀምራለች። በጥር ማታ ማታ የሚገኘው ሳሳ ያለው ክፍሉ ነው። ግን በጥር ኦሪዮን አለ። ኦሪዮን ማለት እነዚያ በአንድ መስመር የተደረደሩት ሦስት ኮከቦች ያሉበት ነው፤ ሁላችሁም አይታችሁታል፣ ስሙን ባታውቁትም።

የያዝኩት ዕቃ ብዙ አይደለም። ካሜራዬ ካኖን 600ዲ ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ እኔ ጋ የደረሰው ከሦስተኛ እጅ ነው። አብሮት የመጣው 18-55 ሌንስ አለ። ሁለተኛው ሌንስ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8፤ ሰርግ የሚያነሳ ልጅ ሁሉ ያለው ዓይነት። ቁልፉን በእጄ ሳልነካ የሚያነሳልኝ ባለገመድ ሪሞት፣ ፓወር ባንክ፣ ቀይ ባትሪ። ሌላው አንድ የአጎቴ ልጅ ከውጭ በሻንጣዋ ያመጣችልኝ ትራከር ነው፤ ምድር ስትዞር ካሜራውን በተቃራኒው አቅጣጫ ቀስ አድርጎ የሚያዞር ትንሽ ሞተር፤ አንድ ዙር ለመጨረስ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚሄድ ያለ እሱ ኮከቡ ፎቶው ላይ ይሰመራል። ትልቁ ተስፋዬ እሱ ላይ ነበር። ቆይ፣ እንደርስበታለን።

ወሊሶ ቁርስ፣ ከዚያ ወልቂጤ፣ ከዚያ የጊቤ ሸለቆ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፣ ዳገቱን ስንወጣ ተመልሶ ሄደ። ሰኮሩን፣ አሰንዳቦን፣ ሰርቦን አልፈን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ጅማ ስንገባ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ባጃጅ ይዤ አክስቴ ቤት። "ከሳህ" አለችኝ። ሁሌም ከስቻለሁ።

ማታ ቡና እየተፈላ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ "እህ!" አለ። እኔ ግን ስኒዬን አስቀምጬ ወደ ግቢ ሮጥኩ። ከተማዋ ሁሉ ጨልማ ኦሪዮን ከጣሪያው በላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ጁፒተር እንደ አምፖል ይበራል። አክስቴ ከበሩ ላይ ሆና "መብራት ሲጠፋ የሚደሰት ሰው ዛሬ አየሁ" አለች። ሃያ ደቂቃ ያህል ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆየሁ። በጣም ሊያምር ሲል መብራቱ መጣ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም።

አርብ፣ ጥር 8

የአክስቴ ባል ወንድም ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ላይ የቡና ማሳ አላቸው። እዚያ ሁለት ሌሊት እንዳድር በስልክ ተነጋገርንና ከሰዓት በኋላ ሄድኩ።

የከተማ ልጅ መሆኔ የታወቀው ወዲያው ነው። ቡና ማለት ጥላ ማለት ነው ለካ! ከቡናው በላይ ትልልቅ ዛፎች አሉ፣ ቅርንጫፎቻቸው ተቃቅፈው ሰማዩን ዘግተውታል። ቀና ብዬ የማየው ቅጠል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሆኜ ካርታ ላይ "ከከተማ የራቀ፣ ጨለማ" ብዬ ምልክት ያደረግኩበት ቦታ ይሄ ነው እንግዲህ፤ ጨለማስ ጨለማ ነው፣ ችግሩ ሰማይ የለውም።

ከጫካው ወጣ ብሎ ግን የቡና ማድረቂያው ሜዳ አለ። በእንጨት የቆሙ፣ በሽቦ ወንፊት የተወጠሩ ረጃጅም አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ላያቸው ላይ ጀንፈል (ከነልጣጩ የሚደርቅ ቡና) ተሰጥቷል። ዳር ላይ አንዲት ጎጆ አለች፣ የዘበኛው ናት። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ኮፍያቸው ነጭ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። "እዚህ መሃል ላይ ካሜራ ልትከል ጋሼ?" አልኳቸው። "ቡናውን አትንካ እንጂ ምን ቸገረኝ" አሉኝ።

አመሻሹ ላይ እሳቸውና ሁለት ልጆች እየተሯሯጡ አልጋዎቹን በሸራ ሲሸፍኑ አየሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ የደመና ቁራጭ እንኳ የለም። "ዝናብ አለ እንዴ?" አልኳቸው። "ጤዛ" አሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። ያኔ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

መጀመሪያ ያደረግኩት ፎከስ ነው። ጨለማ ውስጥ ኦቶ ፎከስ አይሠራም፤ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ እያለ ያጉረመርማል እንጂ የሚይዘው ነገር የለውም። ስለዚህ ወደ ማንዋል ቀይሬ፣ ላይቭ ቪው ከፍቼ፣ ደማቋን ኮከብ ሲሪየስን ስክሪኑ ላይ አስር ጊዜ አጉልቼ፣ ነጥቧ የመጨረሻውን ያህል እስክታንስ ቀለበቱን በፀጉር ስፋት እያዟዟርኩ ቆየሁ። ስታንስልኝ ቀለበቱን በፕላስተር ለጠፍኩት። ይሄ ፕላስተር ቀልድ አይደለም። አንድ ሌሊት ሙሉ በክርን ተነክቶ የጠፋ ፎከስ ያበላሸብኝ ሰው ስለሆንኩ ነው። ሌንሱ ላይ የተጻፈው የ"ማለቂያ የለሽ" ምልክትም አታምኑት፤ ኮከቡ ያለው ከምልክቱ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ነው።

አፐርቸሩን (ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባበትን ቀዳዳ) ኤፍ 2.8 ላይ አደረግኩ። 1.8 እያለ ለምን ትሉኛላችሁ፤ ሙሉ ሲከፈት ጥግ ጥጉ ላይ ያሉት ኮከቦች ክንፍ ያወጣሉ፣ ወፍ ይመስላሉ። ትንሽ ሲዘጋ ይሰበሰባሉ። ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል)፣ አይኤሶ (ለብርሃን ያለው ንቃት) 1600።

ትራከሩን ገና ሳልጭን እንዲሁ በትራይፖድ 150 ፎቶ አነሳሁ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰከንድ ተኩል። ለምን ሁለት ተኩል? ኮከቡ ሳይሰመር ስንት ሰከንድ ማንሳት እንደሚቻል የሚነግር አንድ የታወቀ ስሌት አለ፤ 500ን ለሌንሱ ርዝመት ታካፍላለህ፣ እንደኔ ሴንሰሩ ትንሽ ከሆነ ርዝመቱን መጀመሪያ በ1.6 ታበዛለህ። ለ50 ሚሊ ሜትር 6 ሰከንድ ይወጣል። እኔ ግን አላምንበትም። ኦሪዮን የሰማዩ ወገብ ላይ (ከምድር ወገብ ልክ በላይ በሚያልፈው መስመር ላይ) ነው ያለው፣ እዚያ ደግሞ ኮከብ ከየትኛውም ቦታ በላይ ይፈጥናል። በ6 ሰከንድ አጉልታችሁ ብታዩት ኮከቡ ክብ አይደለም፣ ሰረዝ ነው። በሁለት ተኩል ይሻላል።

ከዚያ ወደ ትራከሩ መጣሁ፣ ጣጣውም አብሮ መጣ።

የትራከር ነገር ሁሉ የሚጀምረው "የሰሜኑን ኮከብ ፈልግ" ብሎ ነው፤ ምድር የምትዞርበት ዘንግ ወደዚያ ስለሚያይ የሞተሩም ዘንግ ወደዚያው ማየት አለበት። መመሪያውን የጻፈው ሰው አውሮፓ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ እሱ ጋ ኮከቡ ግማሽ ሰማይ ላይ ተሰቅሏል። የሰሜኑ ኮከብ ከአድማስ የሚነሳው የቆምክበትን ኬክሮስ (ከምድር ወገብ የራቅክበትን ዲግሪ) ያህል ነው። ጅማ ደግሞ 7.7 ዲግሪ ላይ ናት። ክንድን ዘርግቶ አንድ ጭብጥ እንኳ አይሞላም! እዚያ ቦታ ላይ ያለው ዛፍ ነው፤ ከዛፉ በስተጀርባ ኮረብታ፣ ከኮረብታው በስተጀርባ ነው ኮከቡ።

በስልኬ ተዳፋት መለኪያ ትራከሩን 7.7 ዲግሪ አጋደልኩት። በስልኬ ኮምፓስ ወደ ሰሜን አዞርኩት። አንድ ደቂቃ ከፍቼ አነሳሁ። ኮከቦቹ ሩዝ መሰሉ። ትንሽ አስተካክዬ ደገምኩ። አሁንም ሩዝ፣ እንዲያውም ባስማቲ። ሠላሳ ሰከንድ ላድርገው ብዬ ሞከርኩ፤ አጠር ያለ ሩዝ። ሞተሩ ተበላሽቷል ብዬ ጆሮዬን ደገንኩበት፣ ቲክ ቲክ ይላል፣ ይሠራል። እዚህ ላይ ለአጎቴ ልጅ ያልኩትን አልጽፈውም፣ እሷ ምንም አላጠፋችም።

አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ደግሞ ፎቶዎቹ መደብዘዝ ጀመሩ። ኮከቦቹ ዙሪያ ጭጋግ። ደመና መጣ ብዬ ቀና ስል ሰማዩ ፍም ነው። ቀይ ባትሪዬን ሌንሱ ላይ ሳበራ እንባ አቅርሯል። ጤዛ! በነጠላ ጠረግኩት፣ ይባስ ተለቀለቀ። ስጠርግ ፕላስተሩን ነካሁት መሰለኝ ፎከሱም ሄደ።

ከጎጆዋ ደጃፍ ሽማግሌው "ልጄ" አሉኝ፣ "አንተም ሸራ ያስፈልግሃል።"

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ንጋት ላይ ሜዳው ነጭ ነበር። ጭጋጉ ከታች ከሸለቆው ተነስቶ ጫካው ውስጥ ገብቷል። ከሩቅ አዛን ተሰማ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ትራከሩን አፍጥጬ እያየሁት ነበር፤ እሱም እኔን።

ሽማግሌው ውዱእ አድርገው ምንጣፋቸውን ከጎጆዋ ጎን አነጠፉና ሰገዱ። ሲጨርሱ ዝም ብዬ ትራከሬን አየሁ፣ ምንጣፉን አየሁ፣ ትራከሬን አየሁ። አንድ ነገር ከነከነኝ። "ጋሼ፣ ቂብላ፣ መካ ማለቴ ነው፣ በየት በኩል ነው?" አልኳቸው። ምንጣፉ ወደሚያይበት በእጃቸው አመለከቱኝ። "መስጊዱ እንዲህ ነው የሚያየው። ምነው፣ ልትሰልም ነው?"

ካርታ ላይ ጅማንና መካን አስቡ። መካ ከጅማ በቀጥታ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ ወደ ምሥራቅ የምታጋድለው 11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰሜን ከምንጣፉ አቅጣጫ ትንሽ ወደ ግራ መሆን አለበት። የኔ ትራከር ግን ሌሊቱን ያየው የነበረው ከምንጣፉ ወደ ቀኝ ነው፣ ያውም በደንብ ወደ ቀኝ። አንዳችን ተሳስተናል፤ ሽማግሌው ደግሞ በዚህ አቅጣጫ በቀን አምስት ጊዜ ነው የሚሰግዱት።

ስልኬን ይዤ ወደ ማድረቂያው አልጋ ስጠጋ የኮምፓሱ መርፌ ዞረ። ስርቅ ተመለሰ። ስጠጋ ዞረ። ለካ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፓሴን የመራው ሰሜን አይደለም፣ የአልጋው የብረት ሽቦ ነው! ከሽቦው ሁለት እርምጃ ርቄ ነበር የተከልኩት። መኪና፣ የብረት በር፣ ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ። አውቀዋለሁ ደግሞ። ማወቅና ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ ማስታወስ ግን ይለያያሉ።

ሁለተኛው ችግር ጤዛው ነው። በዚህም አስተማሪዬ እሳቸው ናቸው። ጀንፈሉ ቀን የደረቀውን ሌሊት መልሶ ይጠጣል፣ ስለዚህ ከመጨለሙ በፊት ይሸፈናል፤ ጤዛ ከወረደ በኋላ ሸራ ማልበስ ጭራሽ ማፈን ነው። ሌንስም እንደዚሁ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከአካባቢው አየር የባሰ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ እርጥበቱ ላዩ ላይ ውሃ ይሆናል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያይ ሌንስ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ነው የሚያለቅሰው። መፍትሔው ከመርጠቡ በፊት ጥቂት ሙቀት መስጠት ነው፣ ከአየሩ ትንሽ ሞቅ ካለ ይበቃዋል። ለዚህ ሲባል የሚሠራ በዩኤስቢ የሚሞቅ ቀበቶ አለ። እኔ ቤት። አዲስ አበባ። መሳቢያ ውስጥ።

ቀን ላይ ይህን ለቤቱ እመቤት እያማረርኩ ሳወራ እሳቸው ቆሎ እየቆሉ ነበር። "ታዲያ ይሄን በጨርቅ አድርገህ አታስረውም? ለልጆች ሆድ ቁርጠት የምናደርገው እኮ ነው" አሉኝ። ካልሲ አወጣሁ። (አዲስ ነው፣ እንዳትሳቀቁ።) ትኩስ የገብስ ቆሎ ሞልቼ ቋጠርኩትና ሌንሱ ላይ እንደ ፎጣ ስጠመጥመው ልክ መጣ። እህል ሙቀት አይለቅም ቶሎ፤ አንዱ ካልሲ ለአንድ ሰዓት ያህል ሠራልኝ። ሁለት አዘጋጀሁ፣ አንዱ ሌንሱ ላይ ሆኖ ሌላው እሳት ዳር እንዲጠብቅ።

ሲመሽ ከአልጋዎቹ ርቄ ሜዳው ጫፍ ላይ ተከልኩ። ሽማግሌው ምንጣፋቸውን ካነጠፉበት ቦታ በሐሳብ መስመር ዘርግቼ፣ ክንዴን ቀጥ አድርጌ፣ አንድ ጭብጥ ወደ ግራ ወሰድኩ። የተዘረጋ ክንድ ላይ ያለ ጭብጥ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ይህን መለኪያ ማንም አይሰርቃችሁም። ትራከሩን ወደዚያ አዞርኩ። አንድ ደቂቃ። አጎላሁት።

ክብ ባይሆንም እንቁላል ነው። ሩዝ አይደለም!

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። አንድ ደቂቃ አንስቶ ማየት፣ ትራከሩን ከወገቡ በጣም ጥቂት ማዞር፣ እንደገና አንድ ደቂቃ። ከባሰ ወደ ሌላው ጎን። ስድስተኛው ላይ ነጥብ ሆነ። ለሰፊ ሌንስ ልክክ ማለት አያስፈልግም፤ በ50 ሚሊ ሜትር ሁለት ዲግሪ ብትሳሳቱ እንኳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ኮከቡ የሚንሸራተተው ወደ ሁለት ፒክስል ነው። በረጅም ሌንስ ወይም በቴሌስኮፕ ቢሆን ኖሮ ግን ምንጣፍ አያድነኝም ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ የሰፈሩ ሚሊሻዎች መጡ፣ ቀይ መብራት አይተው ነው። ልክ ናቸው፤ ጨለማ ውስጥ ባለ ቀይ መብራት ሰውዬ ሜዳ ላይ ተንበርክኮ ቢያዩ ምን ይበሉ? "ድሮን ነው?" አሉኝ። ሽማግሌው ቀድመው መለሱልኝ፣ በኦሮምኛ፤ ከመሃል የገባኝ "ኡርጂ" የምትለው ብቻ ናት፣ ኮከብ ማለት ነው። መነፅር እንስጣቸው ብዬ ሩቁን የሚያቀርበውን ባለ 10 በ50 መነፅሬን ወደ ጁፒተር አዞርኩላቸው፣ ክርናቸውን አልጋው ላይ አስደግፈው እንዲያዩ። ጋሊልዮ በ1610 ያያቸውን አራቱን ጨረቃዎች በዚህ መነፅር ማየት ይቻላል፣ እጅ ካልተንቀጠቀጠ። አንደኛው ዝም ብሎ ብዙ አየ። "ከጎኑ ትንንሽ ነገር አለ" አለ። ጓደኛው ነጠቀው። ተራ በተራ ሲነጣጠቁ ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ መታወቂያዬን መጠየቁንም ረሱት።

ለኦሮሞ ኮከብ ቆጠራ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ ደግሞ። የቦረና አያንቱዎች ወራቸውን የሚቆጥሩት ጨረቃን ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር እያስተያዩ ነው፤ የኦሪዮን ቀበቶና ሲሪየስ ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ያለ ካሜራ፣ ያለ ፓወር ባንክ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል የምጠብቀው ሰዓት ደረሰ። የኦሪዮን ትከሻ ላይ ያለችው ቀይዋ ኮከብ፣ ቤቴልጅየስ፣ ከሰማዩ ወገብ 7.4 ዲግሪ ወደ ሰሜን ናት። ጅማ 7.7። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ ቆማችሁ አንገታችሁን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ብትጥሉ ቤቴልጅየስ ልክ አናታችሁ ላይ ታልፋለች፤ ክር ብታንጠለጥል አናቴን የምትነካ ያህል። ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲያይ ከሥሩ ገብቶ ማየት ለወገብ ፈተና ነው፣ የ600ዲ ስክሪን ተገልጦ ስለሚወጣ ግን ተመስገን። ሣሩ ላይ ተጋድሜ፣ ጀርባዬ እየረጠበ፣ አይኤሶውን ወደ 800 አውርጄ 40 ፎቶ አነሳሁ፣ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ። ካልሲው ሠራ። ቆሎው ሸተተ። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ የቀዘቀዘውን ካልሲ "ይበላል?" ብለው ጠየቁኝ።

ከመተኛቴ በፊት የሌንሱን ክዳን ገጥሜ፣ በዚያው አይኤሶና በዚያው አንድ ደቂቃ 20 ጥቁር ፎቶ አነሳሁ። ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ካሜራው ራሱ የሚፈጥረው ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ እዚያ ላይ ይወጣል፣ በኋላ ከእውነተኛው ላይ ይቀነሳል። በተመሳሳይ ቅዝቃዜ መነሳት ስላለበት ነው ውጭ ብርዱ ውስጥ የተጎለትኩት።

እሁድ፣ ጥር 10፣ ከተራ

ንጋት ላይ ነጠላዬን ሁለት ጊዜ አጥፌ ሌንሱ አፍ ላይ ወጥሬ ወደ ነጣው ሰማይ አነሳሁ፣ ፎከሱን ሳልነካ። ይሄ ደግሞ የሌንሱን ጥግ ጥቁረትና አቧራውን የሚያርም ነው። ነጭ ቲሸርት ይላሉ፤ ነጠላ ከቲሸርት ይበልጣል፣ ብርሃኑን እኩል ያከፋፍላል።

ስሸኝ ሽማግሌው አንድ ስኒ ቡና አጠጡኝ። እዚህ ስለ ቡናው ብጽፍ አልጨርስም።

አክስቴ ቤት ደርሼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ቤቱ ለከተራ ሽር ጉድ ይላል፣ እኔ ጥግ ይዤ ፎቶ እደራርባለሁ። ፕሮግራሞቹ በነፃ ናቸው፤ ዲፕ ስካይ ስታከር አለ፣ ሲሪል አለ። ኮከቦቹን እርስ በርስ አገጣጥመው አማካዩን ያወጣሉ። ኮከቡ በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ቦታ ነው፣ ፎቶውን የሚያሻክረው ቅንጣት (ኖይዝ) ግን በየፎቶው ቦታ ስለሚቀያይር ሲደራረብ ይጠፋል። ሂሳቡ ስስታም ነው፦ ጥራቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ፎቶ፣ አስር እጥፍ ለማድረግ መቶ እጥፍ።

በመጀመሪያ የአርቡን አስገባሁ፣ ያለ ትራከር የተነሱትን 150። ሁሉም ተደምረው ስድስት ደቂቃ ከሩብ ናቸው። ብዙም አልጠበቅኩም። ሲወጣ ግን ከቀበቶው በታች የኦሪዮን ኔቡላ ሮዝ ሆኖ ቁጭ ብሏል! 1,340 የብርሃን ዓመት ገደማ የራቀ የጋዝ ደመና፣ በሰርግ ሌንስና በትራይፖድ። ትራከር ስለሌለኝ አልጀምርም የምትሉ ካላችሁ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

የቅዳሜው፣ የ40 ደቂቃው፣ ይበልጣል። የኔቡላው ክንፎች ወጥተዋል፣ ዳራው ለስላሳ ነው። ቀይ ቀለሙ ግን የጓጓሁትን ያህል አይደለም፤ ያልተነካካ ካሜራ ሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ የሃይድሮጅኑን ቀይ ብርሃን አብዛኛውን ያስቀረዋል። ማጣሪያውን የሚያስወልቁ አሉ። እኔ ካሜራዬ ልደትም ሰርግም ስለሚሠራ አላስነካውም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ ልፋቱ ያመጣው ልዩነት ከጠበቅኩት ያንሳል፤ የወደድኩት ግን የቅዳሜውን ነው፣ ቆሎ ቆሎ ይሸተኛል።

ከሰዓት በኋላ ታቦታቱን ሸኘን። ማታ አክስቴ "ሌሊት አስር ሰዓት እንወጣለን፣ አሁን ተኛ" አለችኝ። ስቴላሪየም በሚባለው የሰማይ ካርታ ፕሮግራም ላይ ሌሊቱን ወደፊት እየገፋሁ አንድ ነገር አየሁና እንቅልፌ ጠፋ።

ሰኞ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

ትራከሩን ቤት ተውኩት። ትራይፖዱንም፣ ሕዝብ መሃል ሦስት እግር ዘርግቶ መቆም ነውር ነው። ካሜራውን፣ 50 ሚሊ ሜትሩንና ሪሞቱን ብቻ ነጠላዬ ሥር አደረግኩ። አክስቴ ደግሞ ጉልበቷን ስለሚያማት የጅማ በርጩማዋን አስያዘችኝ፣ ያቺን ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ባለ ሦስት እግር።

ባሕረ ጥምቀቱ ጋ ስንደርስ ሕዝቡ ሞልቷል። ጄኔሬተር፣ መብራት፣ ዝማሬ። ወደ ዳር፣ ወደ ጨለማው በኩል አወጣኋትና በርጩማዋ ላይ አስቀመጥኳት። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። አስራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ "እትዬ፣ ወደ ደቡብ እዪ" አልኳት።

የደቡብ መስቀል አውሮፓ ውስጥ ላሉት ጭራሽ አይወጣም። እኛ ጋ ከአድማስ 22 ዲግሪ ያህል ይነሳል፣ ከሁለት ጭብጥ ትንሽ በላይ። ሲወጣ በጎኑ ተኝቶ ነው፤ ደቡብ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዛሬ የሚቆመው ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ማታ ስቴላሪየም ላይ ያየሁት ይሄን ነው።

"የቱ ጋ?" አለችኝ። ጣቴን ተከትላ አየች። አራት ኮከቦች፣ ከጣሪያዎቹ በላይ፣ ቀጥ ብለው። አማተበች። ቀጥሎ ምንም ሳትል ከበርጩማዋ ተነሳች።

"ቁጭ በይ እንጂ፣ ምን ሆንሽ?"

"ካሜራህን አስቀምጥበት" አለችኝ።

ሦስት እግር ወጣ ገባ መሬት ላይም አይወላገድም። ካሜራውን በርጩማዋ ላይ አድርጌ ሌንሱን ከሥሩ በተጠቀለለ ነጠላ ደገፍኩት፣ ሪሞቱን ሰካሁ። መስቀሉ ከሰማዩ ወገብ ስለሚርቅ ኮከቦቹ የሚሄዱት ኦሪዮን በሚሄድበት ግማሽ ፍጥነት ነው፣ ስለዚህ አምስት ሰከንድ ቻልኩ። ስልሳ ፎቶ። አክስቴ ትከሻዬን ይዛ ቆማ በየክሊኩ ትቆጥር ነበር፤ ሃያ ሦስት ላይ ቄሱ ጸሎት ሲጀምሩ ተሳሳተች።